ያልተሻረ ፍርድ ፍለጋ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ስህተቴ ነው። ስህተቱ የተሠራው በ1997 ጥር ወር፣ በዋሽንግተን ዲሲ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጽፍ ይታወቅልኝ)። ዕዳውን የከፈሉት ግን እኔ ሳልሆን ጎረቤቴ ናቸው። በሕንፃው የነበርን ሐበሾች ሁሉ «እትዬ» ብቻ እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ እዚህም በዚሁ ይለፉልኝ።

ሕንፃችን በከተማው ሰሜን ምዕራብ ክፍል ያለ ባለ አራት ፎቅ የጡብ ቤት ነበር። ከተከራዩ ግማሹ የኛ ሰው፣ የቀረው ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። ከገና በፊት ቦይለሩ ተበላሸና ቤቱ በረዶ ሆነ። ሥራ አስኪያጁን ስንጠይቀው «ነገ ይሠራል» ይለናል፤ ያ ነገ ግን አልመጣ አለ። አደገኛ መሆኑን እያወቅን የምግብ ምድጃውን በር ከፍተን ስንሞቅ ከረምን። የዲሲ የቤቶች ደንብ ቤቱ በቀን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት እንዲሞቅ አከራዩን እንደሚያስገድደው ያን ጊዜ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። የምናውቀው መብረዱን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሰባት ቤተሰብ ሆነን የጥርን ኪራይ ላለመክፈል ተማማልን። ብልሃት ይሁን ሞኝነት ሕግ አዋቂ የጠየቀ የለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በየበራችን ላይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ተለጥፎ አገኘን። አከራዩ ሰባታችንንም ቤቱን እንድንለቅ ከሶናል።

እኔ በዚያን ጊዜ የማታ ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ከማቆሚያው በላይ ያለው ሕንፃ የጠበቆች ቢሮ ነው። አንድ ሌሊት ጠበቆቹ አሮጌ መጻሕፍት በካርቶን ሞልተው ለቆሻሻ መኪና አውጥተዋቸው አገኘሁ። ያገራችን ሰው የተጻፈ ወረቀት ሲጣል አይወድም፤ ማገላበጥ ጀመርኩ። አንደኛው ዳይጀስት የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ፍርዶችን በየርዕሳቸው እየለየ በሁለት በሦስት መስመር የሚያስታውቅ ትልቅ ማውጫ ነው። «አከራይና ተከራይ» የሚለውን ርዕስ አወጣሁና በእጅ ባትሪ ሳነብ፣ የኛኑ ጉዳይ የሚመስል ሁለት መስመር አገኘሁ። በመጨረሻው ላይ «245 ኤ ቱዲ 836» ይላል።

አንባቢዬ፣ ይህ ቁጥር እንግዳ ከሆነብህ አትደንግጥ፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ነገሩ ግን ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። «ዮሐንስ 3፥16» ሲባል የትኛውን መጽሐፍ አውጥተን የት ላይ እንደምናነብ ማንም አይነግረንም። የፍርድ ቤት ማጣቀሻም እንደዚሁ ነው፤ የመጽሐፉ ስም መካከል ላይ፣ የቅጹ ቁጥር ከፊት፣ ገጹ ከኋላ ይገባል። «ኤ ቱዲ» ማለት የአትላንቲክ ሪፖርተር ሁለተኛው ተከታታይ ነው፤ የዲሲንና የአካባቢውን ግዛቶች ፍርዶች የያዘ ነው። «ኤፍ ቱዲ» ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶችን የያዘው ነው። እነዚህን ጥራዞች ያተማቸው በሚኒሶታ የተቋቋመው የዌስት ኩባንያ ነው። መጽሐፉን ኩባንያ ያትመው እንጂ የዳኞቹ ቃል የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ይህን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1834 ዊተን በፒተርስ ላይ በተባለው ጉዳይ ወስኖታል። ስለዚህ አንድ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሊያነበው መብቱ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ እንቅልፌን ትቼ ወደ ኮንግረስ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ማዲሰን በሚባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ዛሬ የአንባቢ ካርድ በነፃ ማውጣት ብቻ ይበቃል። ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተቀበሉኝ። ጉዳዬን ልዘረዝር ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድልኝም፤ መጽሐፍ ማሳየት ግን ሥራዬ ነው» አሉኝና 245ኛውን ቅጽ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

ገጽ 836 ላይ ሰንደርስ የተባለ ተከራይ ከአከራዩ ኩባንያ ጋር የተሟገተበት የ1968 ፍርድ አለ። በአንድ እጄ መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክሊፍተን ቴራስ የሚባለው ሕንፃ ተከራዮች የ1966ን የሚያዝያ ኪራይ አልከፈሉም፤ ቤቱ ወደ 1,500 የሚጠጋ የደንብ ጥሰት እንዳለበት እናስረዳለን አሉ። ክሊፍተን ቴራስን እኮ አውቀዋለሁ! በ14ኛው ጎዳና አውቶቡስ ስጠብቅ ዘወትር የማየው ነው። ልቤ መምታት ጀመረ። ፍርዱ ግን ተከራዮቹን አይረዳም። ቤቱ ከተከራዩት በኋላ ቢበላሽም ኪራይ ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም፤ የአከራይ ግዴታ ሌላ፣ የተከራይ ግዴታ ሌላ ነው ይላል።

ወደ ቤት የተመለስኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ማታ እትዬ ቤት ተሰብስበን ያነበብኩትን ነገርኳቸው። «ያለቀ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤቱ ተናግሯል፤ እንክፈል» አልኩ። አምስቱ ቤተሰብ አመነቱ፤ አንዱ እንዲያውም «ደግሞ አንተን ማን ጠበቃ አደረገህ?» አለኝ። እትዬ ግን የተጻፈ ነገር የሚያከብሩ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት የጥርንና የየካቲትን ኪራይ፣ ከነመቀጫውና ከነፍርድ ቤቱ ወጪ ከፍለው ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ። ገንዘቡ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ዕቁብ ወጥቶላቸው፣ ለእናታቸው ተዝካር ጎንደር ሊልኩት ያስቀመጡት እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው።

በአምስተኛው ቀን ፍርዱን ፎቶ ኮፒ አንስቼ ላመነቱት ላሳያቸው ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። እኚያው ሰው መጽሐፉን አይተው «ይህን ሼፐርዳይዝ አድርገኸዋል?» አሉኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ወስደው ጥቁር ቀይ ልባስ ካላቸው ጥራዞች ፊት አቆሙኝ።

ፍራንክ ሼፐርድ የሚባል ሰው በ1873 ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ነገር አስቦ ነበር። ጠበቆች አንድን ፍርድ ሲያነቡ፣ በኋላ የመጡ ዳኞች ስለዚያ ፍርድ ምን እንዳሉ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሙጫ ያላቸው ትናንሽ ወረቀቶች አትሞ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ እንዲለጥፏቸው ይሸጥላቸው ጀመር። ውሎ አድሮ ወረቀቶቹ ራሳቸው ጥራዝ ሆኑ። ገጹን ሲከፍቱት ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው፤ የስልክ ማውጫ ይመስላል። በየቁጥሩ ፊት ግን አልፎ አልፎ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። «ኤ» ከሆነች የበላይ ፍርድ ቤት አጽንቶታል ማለት ነው። «ኦ» ከሆነች በኋላ የመጣ ፍርድ ሕጉን ለውጦታል። «ዲ» ከሆነች ሌላ ዳኛ «የኔ ጉዳይ ከዚህ ይለያል» ብሏል ማለት ነው።

ከ836 ሥር ሰውየው ጣታቸውን ያሳረፉባት «አር» ነበረች። ተሽሯል ማለት ናት። አጠገቧ «428 ኤፍ ቱዲ 1071» ተጽፏል።

ያ እኔ ከቆሻሻ ያነሳሁት ዳይጀስት የተሻረበት ዓመት ከመምጣቱ በፊት የታተመ ነበር። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በኋላ ልባሳቸው ውስጥ ኪስ አላቸው፤ በየዓመቱ አዲስ ማሟያ ወረቀት እዚያ ይከተታል። የኔው ኪስ ውስጥ ያለው የ1969 ነበር። ጠበቆቹ የጣሉት እኮ ለዚሁ ነው! እኔ ደግሞ የሰው ትርፍ አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ወሰድኩት።

አዲሱን ፍርድ አወጣሁት። ጃቪንስ በፈርስት ናሽናል ሪልቲ ላይ ይባላል፤ በግንቦት 1970 የተሰጠ ነው። ተከራዮቹ እነዚያው የክሊፍተን ቴራስ ሰዎች ናቸው፤ ያ 1,500 ጥሰትም ያው ነው። ስማቸው ብቻ ተለዋውጧል፤ በታች ሰንደርስ፣ በይግባኝ ጃቪንስ ተባለ። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል። ዳኛው ስኬሊ ራይት ያሉትን በኛ አባባል ላስቀምጠው። ድሮ ቤት የሚከራይ ገበሬ የሚፈልገው መሬቱን ነበር፤ የዛሬ ከተሜ የሚከራየው ግን ግድግዳና ጣራ፣ ሙቀትና ውኃ ነው። ስለዚህ ቤቱ ለመኖሪያ የተገባ እንዲሆን በደንቡ ልክ መጠበቅ ባይጻፍም በውሉ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ አከራዩ ይህን ካላሟላ የተከራዩ የመክፈል ግዴታም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

በሕጉ የማያምን አንድ ጎረቤታችን «ይህ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ የኛን የከተማ ዳኛ ምን ያስገድደዋል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ሌላ አንድ ቀን ፈጀብኝ። እስከ የካቲት 1 ቀን 1971 ድረስ የዲሲን የከተማ ፍርድ ቤት በይግባኝ ያይ የነበረው የፌዴራሉ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሥልጣኑ ለዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተላለፈ፤ ይኸው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኤም.ኤ.ፒ. በራያን ላይ በተባለው ጉዳይ (285 ኤ ቱዲ 310) ከዚያ ቀን በፊት የተሰጡት የፌዴራሉ ፍርዶች እንደሚያስሩት ተናገረ። ጃቪንስ በ1970 የተሰጠ ነውና ገና ሕያው ነው። አያችሁ፣ ማጣቀሻው መጨረሻ ላይ ቅንፍ ውስጥ የሚገባው የፍርድ ቤቱ ስምና ዓመቱ ለጌጥ አይደለም።

ይህ ጉዳይ በስደት ማመልከቻም ብዙዎቻችንን ያሳስታል። ለምሳሌ በ2004 በሲንሲናቲ ያለው የስድስተኛው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት አባይ በአሽክሮፍት ላይ በተባለው (368 ኤፍ ስሪዲ 634) ከኢትዮጵያ ለመጡ እናትና ልጅ ፈርዷል፤ ልጅቷ ትገረዛለች የሚለው ስጋት ለእናቲቱም የራሷ ስጋት እንደሚሆን ተቀብሏል። ታላቅ ፍርድ ነው። ነገር ግን የሚያስረው ሚሺጋንን፣ ኦሃዮን፣ ኬንታኪንና ቴነሲን ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች በሪችመንድ ካለው ከአራተኛው ሰርኪዩት በታች ነን፤ እዚህ ያ ፍርድ ሊያሳምን እንጂ ሊያስገድድ አይችልም። «እንዲህ የሚል ፍርድ አለ» ሲባል «የየት አገሩ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አገር ቤት የሕግ ትምህርት የጀመረ ዘመድ ያለው ሰው «እኛ ዘንድ ሕጉ ኮዱ ነው እንጂ የዳኛ ቃል አይደለም» ሲል ይሰማ ይሆናል። እስከ 1997 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ያ ትክክል ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው አዋጅ 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስር ተደረገ። ዛሬ አዲስ አበባ ያሉ ጠበቆችም የሰበር መዝገብ ቁጥርና ቅጽ ሲጠቅሱ ይውላሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጃቪንስን ባገኘሁበት ማታ መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ዘንድ ነው። ቡና አፍልተው ነበር። ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከጨረስኩ በኋላ «ልጄ፣ ታዲያ ወረቀቱን ሳትጨርስ ነው እንዴ ያነበብክልኝ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ተግሣጽ ቢያወርዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀጠሮው ሦስት ሳምንት ስለቀረን በየዕረፍቴ ቀን ቤተ መጻሕፍቱን ቤቴ አደረግኩት። ሁለት ነገሮችን እዚያ ተማርኩ፤ ሁለቱም ለናንተ ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ ከፍርዱ በፊት በቁጥር ተለይተው የሚታተሙት አጫጭር አንቀጾች የዳኛው ቃል አይደሉም፤ አሳታሚው ለመንገድ ምልክት የጨመራቸው ናቸው። እነሱን ጠቅሶ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ይዋረዳል። ሁለተኛው፣ የሚረዳህን ፍርድ ካገኘህ በኋላ እርሱን የተከተሉትን አንብብ። እኔም በዚህ መንገድ ቤል በሲንቶላስ ላይ የተባለውን (430 ኤፍ ቱዲ 474) አገኘሁ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ዳኛው ኪራዩ ለፍርድ ቤቱ ሣጥን ገቢ እንዲሆን ሊያዝ ይችላል ይላል። ኪራይ አልከፍልም ማለት ገንዘቡን ማጥፋት አይደለም ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከስድስታችን ሁለታችን ነክተነው ስለነበር ተሯሩጠን ተበድረን ሞላነው። ኤድዋርድስ በሀቢብ ላይ የተባለው የ1968 ፍርድ ደግሞ (397 ኤፍ ቱዲ 687) ተከራይ ስለ ቤቱ ጉድለት ለመንግሥት ስላመለከተ በበቀል ሊባረር አይገባም ይላል። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲያስፈራራን ለነበረው ፍርሃታችን ማርከሻ ሆነን።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ ሥራ ፈትቼ የአዲሶቹን ቅጾች የስም ማውጫ ሳገላብጥ፣ በ72ኛው ኤፍ ስሪዲ መጀመሪያ ላይ «አበበ» የሚል ስም ዓይኔን ያዘው። አበበ-ጅራ በነገዎ ላይ፣ ገጽ 844። ሦስት ኢትዮጵያውያት ናቸው፤ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ያሰቃያቸውን የከፍተኛ 9 ሹም አትላንታ ላይ ከሰውታል። አንዷ ያወቀችው እርሷ በምትሠራበት ሆቴል እርሱም ሲሠራ አይታው ነው። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተፈረደላቸው፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ሰውየውም በኋላ፣ በ2006፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። እኔ ግን ያን ቀን ይህን ሁሉ መከተል አልቻልኩም። የከፍተኛና የቀበሌ ነገር፣ እኛ በሹክሹክታ የምናወራው፣ በቆዳ መልክ በተለበጠ የአሜሪካ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣ በቅጽና በገጽ ተቀምጧል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ቦይለር ልፈልግ የመጣሁትን ረስቼ እስኪዘጋ ድረስ አነበብኩ።

የቀጠሯችን ቀን ደረሰ። የአከራይና ተከራይ ችሎት የሰው ብዛቱ የመርካቶ አውቶቡስ ተራን ያስንቃል። ስማችን ሲጠራ ስድስታችን ተነሣን። እኔ ፊት ቆሜ በተለማመድኩት እንግሊዝኛ «ክቡር ዳኛ፣ አራት መቶ ሃያ ስምንት ኤፍ ቱዲ...» ብዬ ስጀምር ዳኛዋ ፈገግ ብለው «ጃቪንስ ማለትህ ነው?» አሉኝ። የአከራዩ ጠበቃም ራሱን ነቀነቀ። ለካስ በዚያ ችሎት ከዳኛ እስከ ጸሐፊ ጃቪንስን የማያውቅ የለም! ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ የፈለግሁት ነገር ለነሱ የዕለት እንጀራ ነው። በኛ ሕንፃ ውስጥ ግን አንድ ሰው አያውቀውም ነበር። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ኮሪደሩ ላይ ከጠበቃው ጋር ተስማማን፤ ቦይለሩ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲቀየር፣ ለበረደባቸው ወራት ኪራዩ በግማሽ እንዲቀነስ። ቦይለሩም ተቀየረ።

እትዬ ግን ስለከፈሉ ክሳቸው ቀድሞ ተዘግቶ ነበር፤ ከቅናሹ አላገኙም። ስድስታችን በየወሩ ከደመወዛችን አዋጥተን የተረፈንን ያህል መለስንላቸው። ተዝካሩ ግን በቀኑ አልወጣም። ይህን ማንም ፍርድ አይመልሰውም።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። ከ2009 ጀምሮ ጉግል ስኮላር ላይ ቅጹንና ገጹን ብቻ ጽፎ ፍርዱን በነፃ ማንበብ ይቻላል። የፌዴራል መዝገብ የሚፈልግ ሰው ፔሰር በሚባለው ሥርዓት በገጽ 10 ሳንቲም ይከፍላል፤ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፤ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር ያልበለጠ ከሆነም ይማርለታል። ጉግል ስኮላር ግን የተሻረውን «ተሽሯል» ብሎ አይነግርህም፤ የጠቀሱትን ዘርዝሮ ያቀርብልሃል፤ ማንበቡ ያንተ ነው። የሼፐርድ ነገር ዛሬ በክፍያ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ብዙ የሕዝብ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ገብቶ በነፃ መጠቀም ይቻላል።

አዲስ አደጋም መጥቷል። ባለፈው የእህቴ ልጅ፣ የቤት መያዣ ገንዘቡን ከከለከለው አከራይ ጋር ተጣልቶ፣ ቻት ጂፒቲ የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። እንግሊዝኛው ከኔ የአርባ ዓመት እንግሊዝኛ ያምራል። አራት ፍርዶች ጠቅሷል፤ ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ዓመት ሁሉም በሥርዓቱ። አብረን አንድ በአንድ አወጣናቸው። አንደኛው አለ፤ የሚናገረው ግን ስለ መርከብ ጭነት ነው። ሁለቱ ከነአካቴው የሉም፤ በተጠቀሰው ገጽ ላይ ሌላ ሰው ስለ ሌላ ነገር ይከራከራል። አራተኛው ብቻ ትክክል ነበር። «አጎቴ፣ ይህን ያህል ይዋሻል?» አለኝ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ማታ በአቪያንካ ላይ በተባለው ጉዳይ ስድስት የሌሉ ፍርዶች ለዳኛ ያቀረቡ ሁለት ጠበቆችና ቢሯቸው 5,000 ዶላር እንደተቀጡ ነገርኩት። እነሱ የተማሩ ጠበቆች ናቸው። በዚያችው በአራተኛዋ ብቻ ደብዳቤውን ጽፈን ላክን፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

እትዬ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የዚያን ጊዜዋን የገጽ 1071 ፎቶ ኮፒ ከመታወቂያዎቻቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠዋታል። እንግሊዝኛ ባያነቡም አዲስ የመጣ ተከራይ ሲያገኙ አውጥተው ያሳያሉ። ለፋሲካ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ያች ወረቀት አሁንም አልተሻረችም?» ይሉኛል። ዘንድሮም ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ፣ እርሳቸው ቡናውን እስኪቀዱ ድረስ የጠቀሷትን ሁሉ አየሁና «አልተሻረችም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ስኒውን እያቀበሉኝ፣ «እስከ መጨረሻው አንብበሃል?» አሉኝ።